የበር ላይ ጭቃ

አመተ ማርያም ወልደአረጋይ በ1955 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ተቀጠረች። ቤታቸው ከበሬሳ ወንዝ ማዶ፣ አባቷ መሪጌታ ወልደአረጋይ ከሚያገለግሉበት ደብር አጠገብ ነበር። በእግር እንዳትሄድ መንገዱ ረጅም ነው፤ ከተማ ውስጥ ቤት እንዳትከራይ ደግሞ እናቷ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ፣ ሴት ልጅ ብቻዋን ተከራይታ ትኖራለች የሚለውን ወሬ ገና ማንም ሳያወራው ፈርተውታል። የቀራት የታላቅ ወንድሟ ብስክሌት ነበር። ኃይለ ገብርኤል ለመምህርነት ሐረር ሲመደብ ጥሎላት ሄዷል፤ ከመሄዱ በፊትም አውድማው ላይ ከኋላ ይዞ እያሯሯጠ አስተምሯታል።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት የወንድሟን አሮጌ ሱሪ ከቀሚሷ ሥር ለብሳ ስትወጣ አባቷ ደጃፍ ላይ አገኟት። ሴት የወንድ ልብስ እንዳትለብስ ኦሪት መከልከሉን ከነምዕራፉ ጠቀሱላት። አመተ ማርያም ብስክሌቱን እንደያዘች ቆመች እንጂ ወደ ቤት አልተመለሰችም። መልሱን የሰጡት እናቷ ነበሩ።

«እናቴ በበቅሎ ስትሄድ ከቀሚሷ ሥር ሱሪ ትለብስ ነበር» አሉ፣ ከጓዳ ሳይወጡ። «ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ስትወርድ ካህናቱ እጅ ይነሷት ነበር እንጂ ኦሪት ሲጠቅሱባት አላየሁም።»

መሪጌታ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጃቸው ስትወጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። አይከለክሏትም፤ አያይዋትምም።

ከበጋው ይልቅ ክረምቱ ከባድ ነበር። የበጋ አቧራ ቢራገፍ ይለቃል። ሰኔ ሲገባ ግን ያ ጥቁር ዋልካ ይቦካና ጎማው ላይ እንደ ሊጥ ይጠመጠማል፤ ከጎማው ተነሥቶ ጀርባ ላይ ይለጠፋል። ሰንሰለቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ጠላት ነው። አንድ ጊዜ ነጭ ጉርድ ቀሚሷን ግራሶ ነካው፤ በነጭ ጋዝ ብታሸው ጥቁሩ ወደ ግራጫ ተለወጠ እንጂ አልለቀቀም፤ የጋዙ ሽታም ቢሮው ውስጥ ውሎ አደረ። ስለዚህ መላ ማበጀት ጀመረች። የተበሳ የመኪና ጎማ ጠይቃ ቆራርጣ ከፊትም ከኋላም በጭቃ መከላከያው፣ በፓራፋንጎው፣ ጫፍ ላይ አንጠለጠለችው፤ ጭቃው ወደ ላይ መርጨቱን ተወ። ሰንሰለቱን በቆርቆሮ ሸፈነችው። የአባቷን ያረጀ የመንዝ በርኖስ እስከ ጉልበት አሳጥራ ሰፋችና ከላይ ደረበችው፤ የበግ ጠጉር ስለሆነ ዝናብ ቢያረጥበው እንኳ ቶሎ ወደ ውስጥ አያሳልፍም። እግሯ ላይ የጎማ ቦቲ ታደርጋለች።

የቢሮ ልብሷን ለብሳው አትነዳም። ሸሚዙንና ጉርዱን ፎጣ ውስጥ ትጠቀልለዋለች፤ ማጠፍ መስመር ያወጣል፤ መጠቅለል ግን አያጨማድድም። ከመሥሪያ ቤቱ ቀድማ ያለች አንዲት ጎጆ ውስጥ የበርኖስና የባና ጠጉር እየፈተለች የምትሸጥ ወርቅአገኘሁ የምትባል ሴት አለች። አመተ ማርያም እዚያ ገብታ ፊቷንና እግሯን ትታጠባለች፣ ልብሷን ትለውጣለች፣ ጸጉሯን ታበጥራለች። የቀረውን ጥቂት መንገድ ብስክሌቱን እየገፋች በእግሯ ትሄዳለች። ዳገት ላይ ላብ እንዳያጠምቃት መውረድን ተምራለች፤ ሌሎቹ ሲያልፏት አትቸኩልም። ቢሮ ስትገባ ገና አሁን ከካውያ ሥር የወጣች ትመስላለች።

በዚያው መሥሪያ ቤት ይሁኔ የሚባል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። እሱም በብስክሌት ይመጣል። የሱሪው ጫፍ ሁልጊዜ ግራሶ የነካው ነው፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ ጀርባው እስከ አንገቱ በጭቃ ይዥጎረጎራል። ማንም ምንም ብሎት አያውቅም።

በግንቦት መጨረሻ አቶ ዘርአ ዳዊት አዲስ ሹም ሆነው ከአዲስ አበባ መጡ። ከረባታቸው ያልተፈታ፣ ጫማቸው ሁልጊዜ የሚያበራ ሰው ናቸው። በመጡ በሁለተኛው ሳምንት አመተ ማርያም ብስክሌቷን እየገፋች ግቢ ስትገባ በመስኮት አዩአት። ያን ዕለት ማታ ከከተማው ትላልቅ ሰዎች ጋር በተቀመጡበት፣ ሴት ልጅ በብረት ላይ ተንፈራጣ የምትመጣበት መሥሪያ ቤት ማን ያከብረዋል ማለታቸውን ይሁኔ ሰምቶ ነገራት። አመተ ማርያም የሰማችውን ሰማች፤ በማግስቱም እንደ ወትሮዋ መጣች።

አቶ ዘርአ ዳዊት ብስክሌት ይከልከል ለማለት አልቻሉም፤ ወንዶቹም አሏቸው። በሰኔ መጨረሻ ሠራተኛውን ሰብስበው ስለ ንጽሕና ተናገሩ። የመሥሪያ ቤት ክብር የሠራተኛው ልብስ ነው አሉ። ከዚህ በኋላ ጭቃ ነክቶት የመጣ ሁሉ ከበር ይመለሳል፤ ቀኑም እንደ ቀረ ይቆጠርበታል። ይህን ሲሉ ዓይናቸው ያረፈው የጀርባው ጭቃ ገና ያልደረቀው ይሁኔ ላይ አልነበረም።

ክረምቱን ሙሉ ጠበቋት። ጠዋት ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ይቆማሉ። ሰላምታ ሰጥታ ስታልፍ ከጫማዋ ጀምረው እስከ ሸሚዟ አንገት በዓይናቸው ይወጣሉ፤ ካለፈች በኋላም ከኋላዋ የጉርዷን ጫፍ ያያሉ። ምንም አያገኙም። ይሁኔ ከበር ተመልሶ አያውቅም፤ ዘበኛው ገብረአብ የውሃ ቆርቆሮ አቅርቦለት ታጥቦ ይገባል። አመተ ማርያም ይህንን ሁሉ ታያለች። ቤቷ ስትመለስ፣ ቢደክማትም፣ የከሰል ካውያውን አግላ የነገውን ልብስ ሳትተኩስ አትተኛም። እናቷ እንዲህ ከምትሆኚ ብስክሌቱን ብትተዪው ምን አለበት ቢሏት፣ ሹሙ ቢተዉኝ ይሻላል ብላ መለሰች።

በነሐሴ፣ ፍልሰታ ገብቶ ሳለ፣ አንድ ሰኞ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት አባራ። አመተ ማርያም ወርቅአገኘሁ ቤት ገብታ ለውጣ ወጣች። ያን ቀን አዲስ ያሰፋችው ሰማያዊ ጉርድና ነጭ ሸሚዝ ነበር የለበሰችው። ብስክሌቱን እየገፋች በሩ ጋ ስትደርስ የመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ከኋላዋ መጣ። በሩ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ በግራ በኩል ውሃ ያቆረ ጉድጓድ አለ፤ በቀኝ በኩል ግን ጠጠር የፈሰሰበት ደረቅ መሬት ነው፤ መኪናው ሁልጊዜም የሚገባው በዚያ ነው። እሷ ጉድጓዱን አልፋ ግራውን ጥግ ይዛ ቆመች፣ መኪናው ይለፍ ብላ። መኪናው ወደ ግራ ዞረ። ጎማው ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ ውሃው ከነዋልካው ተነሥቶ ከደረቷ እስከ ጫማዋ አለበሳት።

አቶ ዘርአ ዳዊት ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ዞር ብለው አዩአት። መኪናው አልቆመም።

አመተ ማርያም ለጥቂት ጊዜ ባለችበት ቆማ ቀረች። ጭቃው በሸሚዟ ውስጥ ዘልቆ ሆዷ ላይ ሲወርድ ይሰማታል። ወርቅአገኘሁ ቤት ተመልሳ የመንገድ ልብሷን መልበስ ትችል ነበር፤ ግን ያም ጭቃ ነው። ወደ ቤቷ ብትመለስ ቀኑ ይቆጠርባታል፤ ነገም ሌላ ጉድጓድ ይፈለጋል። ፊቷን ብቻ በመሐረቧ ጠረገች። ብስክሌቱን እንደ ወትሮው ግድግዳው ላይ አስደገፈችና ደረጃውን ወጣች።

አቶ ዘርአ ዳዊት ኮሪደሩ ላይ ቆመው ነበር። ሌሎቹ ሠራተኞች በየበሩ ብቅ አሉ።

«ደንቡን ታውቂያለሽ» አሏት። «ወደ ቤትሽ ተመለሺ።»

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ። ደንቡ ጭቃ ነክቶት የመጣ ይመለስ ነው የሚለው። እኔ ጭቃ ነክቶኝ አልመጣሁም፤ እዚህ ደርሼ ነው እርስዎ ያለበሱኝ።»

ይህን ያለችው ድምፅዋን ሳታነሣ ነው። የኮሪደሩ ሰው ሁሉ ግን ሰማ። አቶ ዘርአ ዳዊት ፊታቸው ጠቆረ። ሾፌሩ ጉድጓዱን አላየውም አሉ። ከዚያ ነገሩን ወደ ሌላ አዙረው፣ እንዲህ ሆና ባለጉዳይ ፊት መቀመጥ መሥሪያ ቤቱን ማዋረድ እንደሆነ ነገሯትና ከዚህ ግቢ እንድትወጣ አዘዟት።

«ንጹሕ ሆኜ ስመጣ ነው የኖርኩት፤ እርስዎም በየቀኑ ሲያዩኝ ነበር» አለች። «ዛሬ ያለበሱኝን ዛሬ ለብሼው እውላለሁ።»

አልፋቸው ገብታ ጠረጴዛዋ ጋ ተቀመጠች። ወረቀት አስገብታ ታይፕ መምታት ጀመረች። አቶ ዘርአ ዳዊት ገብረአብን ጠርተው አስወጣት አሉት። ገብረአብ በሩ ላይ ደርሶ ቆመ። በጣሊያን ጊዜ አርበኛ የነበረ፣ ትእዛዝ ሲቀበል ተረከዙን የሚያጋጭ ሰው ነው። ያን ዕለት ግን ወለሉን እያየ፣ የሰው ልጅ ሥራዋን እየሠራች እጇን ይዤ ማውጣት አልችልም፣ ብባረርም ልባረር አለ። አቶ ዘርአ ዳዊት ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ።

ይሁኔ ቀስ ብሎ መጣና በእርጥብ ፎጣ ልትጠርጊው ትችያለሽ አላት። እሷ ግን ይቆይ አለችው። እኔ በየቀኑ እንዲህ ሆኜ ስመጣ ማንም አይቶኝ አያውቅም አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። እሷም አውቃለሁ ብላው ሥራዋን ቀጠለች።

ቀኑን ሙሉ እንደዚያው ዋለች። ብርዱ አጥንቷ ውስጥ ገባ። ጭቃው እየደረቀ ሲሄድ ጉርዱ እንደ ቆዳ ደረቀ፤ ስትንቀሳቀስ እየተሰነጠቀ ወለሉ ላይ ይረግፋል። ባለጉዳዮች ከሰላ ድንጋይም ከደነባም ይመጣሉ። አቤቱታቸውን ለማስጻፍ ፊቷ ሲቆሙ ደነገጡ፤ ምን ሆንሽ ልጄ፣ ወደቅሽ ወይ እያሉ ይጠይቃሉ። ለእያንዳንዱ አንድ መልስ ነበራት፦ አልወደቅኩም፣ የመሥሪያ ቤቱ መኪና በር ላይ ረጨኝ። ሌላ ምንም አትጨምርም። ባለጉዳዩ ወደ ተዘጋው የሹሙ በር ያያል። ከቀትር በፊት ወሬው ገበያ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ጉዳይ የሌላቸው ሰዎችም ሊያዩዋት መጡ። እሷም አየቻቸው።

የሥራ ሰዓት ሲያልቅ የጽሕፈት መኪናዋን ሸፍና ወጣች። ያን ዕለት ልብስ ለመለወጥ ወርቅአገኘሁ ቤት አልገባችም። ዋናውን መንገድ ይዛ፣ በሱቆቹ ፊት፣ በዚያው ልብሷ ነድታ ሄደች።

በሳምንቱ ወደ አንኮበር ቅርንጫፍ መዛወሯ ተነገራት። ምክንያቱ የሥራ ጥራት ነው ተባለ። ሁሉም የሚያውቀው ግን አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ መሆኑን ነው፤ ዳገትና ቁልቁለት እንጂ ብስክሌት የሚነዱበት ሜዳ የለም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ሽማግሎች መሪጌታ ቤት መጡ። የላኳቸው አቶ ዘርአ ዳዊት መሆናቸውን አልደበቁም። ነገሩ ቀላል ነው አሉ፤ ልጅቱ መጥታ ይቅርታ ትጠይቅ፣ ብስክሌቱንም ቤት ታስቀምጥ፣ ዝውውሩ ይሻራል። መሪጌታ የመጣላቸውን ጠላ ሳይቀምሱ ልጃቸውን አስጠሩ። ደጃፍ ላይ ኦሪት ከጠቀሱላት ጠዋት ወዲህ ስለ ብስክሌቱ ጉዳይ በቀጥታ ሲያናግሯት የመጀመሪያቸው ነበር።

«መኪናው የሚያልፍበት ደረቅ መሬት አልነበረውም?»

«ነበረው፣ አባዬ።»

«ሲረጭሽ ቆመ?»

«አልቆመም። ዞር ብለው አዩኝ።»

«ታዲያ ይቅርታ የምትጠይቂው ስለ ምኑ ነው?»

አንደኛው ሽማግሌ በእሷ ፈንታ መለሱ። ስለ ድፍረቷ ነው፣ ሹምን ለሚያህል ሰው በሕዝብ ፊት መልስ መስጠቷ ነው አሉ።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ከግድግዳው አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «ድፍረት ኃጢአት ከሆነ የንስሐ አባት አላት፤ እሱ ቀኖና ይሰጣታል። የሚያናዝዝ ሹም ግን አልሰማሁም» አሉ። «ብስክሌቱን እኔም አልወደውም፤ ወደፊትም የምወደው አይመስለኝም። ልጄን ግን ጭቃ ረጭቷት ያለፈ ሰው እግር ላይ አልጥላትም። ከብስክሌቷ ጋር አንኮበር ትሂድ።»

ሽማግሎቹ ሄዱ። አመተ ማርያም የአባቷን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል፣ በሐፍረት ይሁን በሌላ፣ ቶሎ ብለው ዳዊታቸውን ከፈቱ። በማግስቱ ጠዋት ግን ብስክሌቱን ወደ አንኮበር በሚሄድ የጭነት መኪና ጆንያዎች ላይ ሲሰቅሉላት ወጥተው ቆመው አዩ። ገመዱ ላልቷል ብለውም ራሳቸው አስጠበቁት።

አንኮበር የጠበቃት ጉም ነበር። ያጠበችው ልብስ ለቀናት አይደርቅም፤ የካውያው ከሰል ይረጥባል፤ ጠዋት ስትወጣ ከፊቷ ያለውን ሰው የምታውቀው በሳሉ ነው። የቅርንጫፉ ኃላፊ አቶ ብርሃነ መስቀል ጡረታቸው የቀረበ ሽማግሌ ነበሩ። ስለ እሷ ከደብረ ብርሃን የተላከላቸውን ወሬ ሰምተዋል። የመጀመሪያው ቀን ብስክሌቱን ዞረው ዞረው አዩና፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ይይዛል ወይ ብለው ጠየቁ። ይይዛል አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ብስክሌቱም ስለ ልብሷም አንሥተው አያውቁም።

ነዳችው። ዳገቱን እየገፋች፣ ቁልቁለቱን እየያዘች፣ ከቤቷ እስከ ቢሮ ባለችው አጭር ሜዳ ላይ ግን ተቀምጣ። ሰው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ለመደ። ጥር ላይ የትምህርት ቤቱ መምህርት እናናየሁ መንገድ ላይ አስቆማት። ቀጭን፣ ነገር የማታበዛ ሴት ነች። እኔም መልመድ እፈልጋለሁ፣ ታስተምሪኛለሽ ወይ አለቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ በኋላ ገበያው ሜዳ ላይ ይወጣሉ። አመተ ማርያም ከኋላ ትይዛለች፣ እናናየሁ ትነዳለች፣ ሁለቱም ይወድቃሉ። ተማሪዎቼ ያዩኛል ብለሽ አትሰጊም ወይ ብላ አመተ ማርያም ስትጠይቃት፣ ይዩ፣ መውደቅን ከማን ይማሩታል አለች።

ደብረ ብርሃን ግን ነገሩ አልተሳካም። ሌላ ታይፒስት ከአዲስ አበባ መጣ፤ ብርዱን አልችልም ብሎ ከጥምቀት በፊት ተመለሰ። ሌላ ተፈለገ፤ አልተገኘም። ከሰላ ድንጋይ የመጣ ባለጉዳይ አቤቱታው ሳይጻፍለት እየተመለሰ ማጉረምረም ጀመረ፤ ያቺ ጭቃ የረጩባት ልጅ ብትኖር ይባል ጀመር። የካቲት ላይ ይሁኔ አንኮበር መጣ። መልእክቱን ሲናገር ዓይኗን አላየም። ይቅርታው ቀርቷል፣ ወደ ሥራሽ ተመለሺ ተብለሻል አላት፤ ብስክሌቱን ብቻ ቤትሽ ተዪው።

«ሁለታችንም እንመጣለን፣ አለዚያም ሁለታችንም እዚሁ ነን በልልኝ» አለችው። «ልክ እንደዚህ በል፤ እንዳታለዝበው።»

ይሁኔ አላለዘበውም። አቶ ዘርአ ዳዊት ፊት ቆሞ ቃል በቃል እንደተናገረው ኋላ ነግሯታል። መልሱ ብዙ ቆየ። ከፋሲካ በኋላ፣ የምትፈልጊውን ነድተሽ ነይ የሚል ቃል በቅርንጫፉ ስልክ ደረሳት። ስልኩን ያነሡት አቶ ብርሃነ መስቀል ነበሩ። መልእክቱን ነግረዋት፣ ነገ ልትሄጂ ነው ብለው ቅር እያላቸው ጠየቁ።

አመተ ማርያም በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። እናናየሁ ከግቢው ውጭ ብስክሌቱን ይዛ ትጠብቃታለች። ቀጥታውን ለምዳለች፤ ማዞሩ ግን ገና አልሆነላትም፤ ሁልጊዜ ወደ ግራ ስትዞር ትወድቃለች።

«መምጣቱን እመጣለሁ በሉልኝ» አለች። «ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው ግን። እስከዚያ ይጠብቁ።»

አቶ ብርሃነ መስቀል የስልኩን እጀታ እያዞሩ ሳሉ በርኖሷን ደርባ ወጣች።